ዲስፒዩት ባደርግ ክሬዲቴ ይበላሻል?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ አንድ መንደር የሚውሉ ናቸው። ካርዴ ላይ የማይገባኝ ገንዘብ ተቆረጠ፣ ልከራከር (ዲስፒዩት ላድርግ) ወይስ ዝም ልበል፣ ብከራከርስ ክሬዲቴ ምን ይሆናል የሚሉ። ሁሉም የተላኩት ከአሜሪካ ስለሆነ መልሱም የዚያኑ አገር ሕግና አሠራር የያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እናቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት የጉዞ ወኪል በኩል ትኬት ቆረጥኩ። 1,480 ዶላር፣ በክሬዲት ካርድ። ከዚያ በረራው ተሰርዟል፣ ገንዘብሽ ይመለሳል አሉኝ። ዛሬ ነገ ሲሉኝ ቆይተው አሁን ስልክም አያነሱም። በባንኬ አፕ ገብቼ ዲስፒዩት አደረግኩ። የሥራ ባልደረባዬ "ነገሩ እስኪያልቅ ቢሉን እንዳትከፍዪ" ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ "ቤት ልንገዛ ስንል ክሬዲታችንን ልታበላሺው ነው" ብሎ ተቆጥቷል። ማንን ልስማ? *ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አትስሚ። ግን የባለቤትሽ ፍርሃት ቢበዛ ትርፍ ጭንቀት ነው። የባልደረባሽ ምክር ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ከባለቤትሽ እንጀምር። በብዛት የሚሠራበት ፋይኮ የሚባለው የክሬዲት ነጥብ አምስት ነገሮችን ያያል። በጊዜ መክፈልሽን 35 በመቶ፣ ያለብሽን የዕዳ መጠን 30 በመቶ፣ የክሬዲትሽን ዕድሜ 15 በመቶ፣ አዲስ የከፈትሽውን ብድር 10 በመቶ፣ የብድርሽን ዓይነት 10 በመቶ። "ይህች ሴትዮ ተከራከረች" የሚል ነጥብ መቀነሻ እዚያ ውስጥ የለም። በ1974 የወጣው ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የሚባለው ሕግ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይከላከልልሻል። ምርመራው እስኪያልቅ ባንኩ የተከራከርሽበትን ገንዘብ "አልከፈለችም፣ ዘግይታለች" ብሎ ለክሬዲት ቢሮዎች (የሰውን የብድር ታሪክ ለሚይዙት ድርጅቶች) ማስተላለፍ አይችልም፣ ክሬዲትሽን አበላሻለሁ ብሎ ማስፈራራት አይችልም፣ ስለተከራከርሽ ብቻ ካርድሽን መዝጋትም አይችልም። የሚችለው "ደንበኛዋ በዚህ ሂሳብ ላይ ክርክር አላት" ብሎ ማሳወቅ ነው። ያ ማስታወሻ ነው እንጂ ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ ባልደረባሽ። ሕጉ አትክፈዪ የሚልሽ የተከራከርሽበትን ገንዘብና በእሱ ላይ የሚታሰበውን ወለድ ብቻ ነው። ሌላውን አይደለም። የዚህ ወር ስቴትመንትሽ 2,100 ዶላር ነው እንበል። 1,480ው ክርክር ላይ ነው፤ 620ው ግን የአስቤዛ፣ የቤንዚን፣ የልጆች ነገር ነው፣ እሱን በቀኑ መክፈል አለብሽ። ባልደረባሽን ሰምተሽ ሙሉውን ብትተዪውና 30 ቀን ቢያልፍ ባንኩ ዘግይታለች ብሎ የሚያስተላልፈው ስለ 620ው ነው፣ በዚያም ሙሉ መብት አለው። አንድ የዘገየ ክፍያ ሪፖርት ላይ እስከ 7 ዓመት ይቀመጣል። ብዙ ሰው "ዲስፒዩት አድርጌ ክሬዲቴ ወረደ" የሚለው፣ ጠጋ ብለሽ ስትጠይቂው፣ እንዲህ የሆነበት ነው። ያወረደው ክርክሩ ሳይሆን ያልከፈለው ቀሪው ሂሳብ ነው።

ሌላ ሰው ብዙም የማያስጠነቅቅሽ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ባንኮች ዲስፒዩት እንዳደረግሽ ገንዘቡን ለጊዜው መልሰው ካርድሽ ላይ ያስገቡልሻል። ሰው ይህን ሲያይ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ወኪሉ "ትኬቱን ሰጥተናል፣ ተመላሽ የለውም" ብሎ ወረቀት ልኮ ባንኩን ካሳመነ ያ ገንዘብ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ይመጣብሻል፣ በሚቀጥለው ስቴትመንት ላይም ዕዳ ሆኖ ይቆማል። አንቺ ደግሞ በዚያ መሃል ካርዱን አስቀምጠሽው፣ ወረቀት እንዳይመጣ አድርገሽ፣ ኢሜይሉ ማስታወቂያ መሃል ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የማታውቂው 1,480 ዶላር ሳይከፈል ወር ያልፈዋል። ስለዚህ ካርዱን ባትጠቀሚበትም የጽሑፍ ውሳኔ እጅሽ እስኪገባ ድረስ ስቴትመንቱን በየወሩ ክፈቺው።

አውቶፔይ ካለሽም እዪው። ከዚያው ባንክ ካለሽ ሂሳብ ቀጥታ የሚቆረጥ ከሆነ ክፍያው ከሚቆረጥበት ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድመሽ ካሳወቅሽ የተከራከርሽበትን ገንዘብ መቁረጥ የለባቸውም። አውቶፔዩን ጨርሰሽ አጥፍተሽው ሌላውን መክፈል ግን እንዳትረሺ።

በአፕ ማድረግሽ ጥሩ ነው፣ ይፈጥናል፣ ባንኮችም ይቀበሉታል። ነገር ግን ሕጉ የሚሰጥሽ ከለላ የታሰረው በጽሑፍ በምትልኪው ደብዳቤ ላይ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ የታየበት ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የምትልኪው ቼክ ወደሚላክበት አድራሻ ሳይሆን ስቴትመንቱ ላይ ለቢል ጥያቄዎች ተብሎ ወደተጻፈው ነው፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ስምሽን፣ የሂሳብ ቁጥርሽን፣ ገንዘቡን፣ ለምን ስህተት እንደሆነ በአጭሩ ጻፊ፤ በረራው ተሰርዟል ያሉበትን ኢሜይል ኮፒ አያይዢ፤ ፖስታ ቤት ሄደሽ መላኩና መድረሱ በሚመዘገብበት በሰርቲፋይድ ሜይል ላኪው። ባንኩ ደብዳቤሽ መድረሱን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፣ ጉዳዩንም በሁለት የቢል ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ መጨረስ አለበት። ይህን ሥርዓት ካልጠበቀ በመጨረሻ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከተከራከርሽበት ገንዘብ እስከ 50 ዶላር መሰብሰብ አይችልም። ሃምሳ ዶላር ምን ይሠራል ትዪ ይሆናል፣ እኔም እላለሁ።

60 ቀኑ አልፎ ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ። ቪዛና ማስተርካርድ ከሕጉ ውጭ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ላልተሰጠ አገልግሎት ብዙ ጊዜ አገልግሎቱ ይሰጣል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 120 ቀን ገደማ ይፈቅዳሉ። ባንኩን በዚህ በኩል ጠይቂው። ወኪሉን ደግሞ ለአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መክሰስ ትችያለሽ። ከአሜሪካ ለሚነሳና ወደ አሜሪካ ለሚመጣ በረራ አቤቱታ ይቀበላሉ፣ የትኬት ወኪሎችንም ይመለከታል።

የቤቱ ጉዳይ። ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ ያልተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ባንኩ 1,480ውን ለጊዜው ካላነሳልሽ ከካርድሽ ጣሪያ፣ ማለትም ከተፈቀደልሽ መጠን፣ ላይ ቦታ ይዞ ይቆያል። ጣሪያሽ 5,000 ከሆነ ሌላ ሳንቲም ሳታወጪ ወደ 30 በመቶ ተጠግተሻል፣ ያ ደግሞ ነጥብሽን ትንሽ ሊነካው ይችላል። የሚያልፍ ነው፣ ገንዘቡ ሲነሳ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የቤት ብድር የሚሰጡ ሰዎች ሪፖርት ላይ "ክርክር አለ" የሚል ማስታወሻ ሲያዩ ይጠይቃሉ። አብዝተው የሚጨነቁት የዘገየ ክፍያ ወይም ኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ) ባለበት ሂሳብ ላይ ክርክር ሲኖር ነው። ለምሳሌ መንግሥት ዋስ በሚሆንለት የኤፍ ኤች ኤ የቤት ብድር እንዲህ ያሉ ሂሳቦች ተደምረው 1,000 ዶላር ከደረሱ ማመልከቻው ከኮምፒውተር ወጥቶ በሰው እጅ ወደሚታይበት መንገድ ይገባል። ያንቺ ሁልጊዜ በጊዜው የተከፈለ ካርድ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሊያሳስብሽ አይገባም። ብቻ ለብድር ኦፊሰሩ እሱ ሳይጠይቅሽ ቀድመሽ ንገሪው፣ የባንኩንም ደብዳቤ ያዢ። ጉዳዩ ሲዘጋ ደግሞ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ገብተሽ ማስታወሻው መነሳቱን አረጋግጪ። የሦስቱን ክሬዲት ቢሮዎች፣ የኢኩፋክስን፣ የኤክስፔሪያንንና የትራንስዩኒየንን፣ ሪፖርት በየሳምንቱ በነጻ ያሳይሻል።

ባለቤትሽ ይህን ወሬ የሰማው "ክሬዲት እናስተካክላለን" ከሚሉ ሰዎች ሳይሆን አይቀርም። እነሱ የሚሉት ዲስፒዩት ካንቺው የተለየ ነው። ከባንክ ጋር ሳይሆን ከክሬዲት ቢሮዎቹ ጋር ነው፣ ሪፖርት ላይ ያለውን መጥፎ ነገር ሁሉ፣ እውነቱንም ውሸቱንም፣ "የእኔ አይደለም" እያሉ መላክ። አንዳንድ የነጥብ ቀመር ክርክር ያለበትን መጥፎ መረጃ ለጊዜው ስለሚዘል ነጥቡ ከፍ ይልና ደንበኛው ይደሰታል። አበዳሪዎች ይህን ጨዋታ ጠንቅቀው ያውቁታል፣ ለዚህ ነው "መጀመሪያ ክርክሩን አንሳ" የሚሉት። በነገራችን ላይ እነዚህ ሰዎች ሥራውን ሳይጨርሱ ክፍያ መቀበል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ቀድመህ ክፈለኝ ያለ ካለ ሽሹት።

ባንኩ በመጨረሻ አንቺ ላይ ከወሰነስ? ምክንያቱንና የሚከፈለውን በጽሑፍ ሊነግርሽ ይገባል፣ ማስረጃውንም መጠየቅ ትችያለሽ። ካልተስማማሽ በ10 ቀን ውስጥ "አሁንም አልከፍልም" ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ። ከዚያ ግን ባንኩ አልከፈለችም ብሎ የማስተላለፍ መብት ያገኛል። "እሷ ግን አይገባኝም ትላለች" የሚለውን አብሮ ማስተላለፍና ለማን እንዳስተላለፈ ሊነግርሽ ግድ ነው። ቤት ልትገዢ ባትሆኚ ኖሮ በርቺ እልሽ ነበር። አሁን ግን ከፍለሽ ወኪሉን አነስተኛ የገንዘብ ክርክር በሚያየው በስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት ብትከሺው ይሻልሻል። ለ1,480 ዶላር ብለሽ የ30 ዓመት ብድር ወለድ ላይ አትጫወቺ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጂም አባል ነበርኩ፣ ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ በደብዳቤ ሰረዝኩ። እነሱ ግን ሦስት ወር መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ባንኬ ጋ ተከራክሬ ሦስቱንም መለሰልኝ። አሁን ኮሌክሽን ነን የሚሉ ሰዎች 210 ዶላር ክፈል ብለው ጻፉልኝ። አንዴ ያሸነፍኩት ነገር እንዴት ተመልሶ ይመጣል? በ62 ዓመቴ ክሬዲቴ ላይ እንከን ኖሮ አያውቅም። *ከዳላስ፣ ቴክሳስ*

መልስ፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባንኩ ያየው የካርድ ክፍያውን ብቻ ነው። በእርስዎና በጂሙ መካከል ያለውን ውል አልሰረዘውም፣ የመሰረዝ ሥልጣንም የለውም። ስለዚህ ጂሙ "በካርድ ባይሆንም ዕዳው አለበት" ብሎ ለኮሌክሽን መስጠት ይችላል። ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፣ የሚሆን ነገር ነው ማለቴ ነው። በጂም፣ በኪራይ ቤትና በመኪና ኪራይ ላይ በብዛት ይታያል። ካርድ ላይ አሸንፎ ኮሌክሽን ላይ መሸነፍ ደግሞ ለክሬዲት በጣም የከፋው መንገድ ነው፣ ምክንያቱም ኮሌክሽን ሪፖርት ላይ ከገባ እስከ 7 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

በስልክ አይነጋገሩ። የላኩልዎ ማስታወቂያ ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለዎት። በዚያ ውስጥ "ይህን ዕዳ አልቀበልም፣ ማረጋገጫ ላኩልኝ" ብለው በሰርቲፋይድ ሜይል ይጻፉ። ማረጋገጫ እስኪልኩ ድረስ ገንዘቡን መጠየቅ ማቆም አለባቸው። አባልነቱን የሰረዙበትን ደብዳቤ ኮፒና የባንኩን ውሳኔ ያያይዙ። ዋናውን ወረቀት ግን እንዳይልኩት።

እዚያው ውሉን አንዴ አውጥተው ያንብቡት። ብዙ የጂም ውል ስረዛው ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው ይላል። እንደዚያ ከሆነ የአንድ ወሩ የእርስዎ ዕዳ ነው፣ ሁለቱ ግን አይደለም። ያንን የአንድ ወር ብር ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን ጽፈው ቀሪውን እንዲተዉት በጽሑፍ ያስማሟቸው፣ ከዚያ ይክፈሉ። እውነቱን ለመናገር በ70 ዶላር ክብር መሟገቱ አያዋጣም።

ሪፖርትዎ ላይ ገብቶ እንደሆነ ዛሬውኑ ይዩ። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ኮሌክሽን ድርጅት ባለዕዳውን ሳያገኝ ወይም ሳይጽፍለት ዝም ብሎ ሪፖርት ላይ ማስገባት አይፈቀድለትም። ገብቶ ካገኙት ለሦስቱም ቢሮዎች ለየብቻ ይጻፉ፣ አንዱ ለሌላው አይነግርልዎትም። በ30 ቀን፣ አንዳንዴ በ45 ቀን፣ መርምረው መመለስ አለባቸው፤ ማረጋገጥ ካልቻሉም ያጠፉታል። መልስ ሳይሰጡ ካጉላሉዎት ሲኤፍፒቢ ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኦንላይን አቤቱታ ማስገባት ይችላሉ። ልጆችዎ ያግዙዎት፣ አስቸጋሪ አይደለም።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ጫማ ሊያዝ ብሎ ካርዴን ሰጠሁት። ቁጥሩን ስልኩ ላይ ሴቭ አድርጎ በሁለት ወር ውስጥ 640 ዶላር በላበት። ባንኩ ጋ ደውዬ ፍሮድ ነው ብል ገንዘቡ ይመለስልኛል? ክሬዲቴስ? *ከሲያትል*

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ እንዳታደርግ። ሕጉ በስርቆት ለተሠራ ወጪ ያንተን ኃላፊነት 50 ዶላር ላይ ያቆመዋል፣ ቁጥሩ ብቻ ከተሰረቀ ደግሞ ምንም አትከፍልም። ግን ይህ ያለፈቃድ ለተሠራበት ካርድ ነው። አንተ በእጅህ ሰጥተኸዋል። ለጫማ ብቻ ነው ብትልም ባንኩ የሚያየው ፈቅደህ መስጠትህን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ዕዳው ያንተ ሆኖ ይቀራል። እያወቅህ "የማላውቀው ሰው ሰረቀኝ" ብለህ ብትፈርም ደግሞ የውሸት ቃል ሰጥተሃል ማለት ነው። ዕቃው የሄደው የአክስትህ ቤት አድራሻ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ያንን ለማግኘት ብዙ አይደክምም። ካርድህንም ሊዘጉት ይችላሉ።

ማድረግ የምትችለው ይህ ነው። አሁኑኑ ለባንኩ "ይህ ሰው ካርዴን እንዲጠቀም አልፈቅድም" ብለህ አሳውቅና አዲስ ቁጥር ጠይቅ። ካሳወቅህበት ሰዓት በኋላ የሚያደርገው በአብዛኛው ያንተ ኃላፊነት አይሆንም። ቁጥሩ ቢቀየርም የካርዱ ታሪክ አብሮ ይተላለፋል፣ የክሬዲትህ ዕድሜ አይቀንስም። 640ውን ቢያንስ ሚኒመሙን እየከፈልክ በጊዜው ያዘው፣ ያኔ ክሬዲትህ አይነካም። ከዘመድህ ገንዘቡን የማስመለሱ ጉዳይ የቤተሰብ ነው፣ ለአክስትህ ንገራት። እሷ ከባንኩ ቀድማ ታስከፍለዋለች።

ጥያቄ፦ ያለኝ ዴቢት ካርድ ብቻ ነው። ነዳጅ ማደያ ቁጥሬ ተሰርቆ 900 ዶላር ተወሰደብኝ። ዴቢትም እንደ ክሬዲት ነው? *ከላስ ቬጋስ*

መልስ፦ አይደለም፣ ሕጉም ሌላ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ካርዱ መጥፋቱን ወይም መሰረቁን ካወቅህ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቅህ ኃላፊነትህ ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ከዚያ ካለፈ እስከ 500 ይደርሳል። ስቴትመንቱ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ለሚወሰደው ደግሞ ጣሪያ ላይኖረው ይችላል። ካርዱ ከእጅህ ሳይወጣ ቁጥሩ ብቻ ተሰርቆ ከሆነም በ60 ቀኑ ውስጥ ማሳወቅህ ወሳኝ ነው፣ ግን ነገ አትበል። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መርምሮ ካልጨረሰ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ለጊዜው መልሶ እያስገባ እስከ 45 ቀን ምርመራውን ሊቀጥል ይችላል። ሂሳቡ አዲስ ከሆነ ወይም ገንዘቡ የወጣው በዴቢት ካርዱ ዕቃ በመግዛት ከሆነ ምርመራው እስከ 90 ቀን ሊረዝም ይችላል።

ዴቢት ካርድ ክሬዲት ሪፖርት ላይ ስለማይታይ ክርክሩም እዚያ አይደርስም። የሚያሳስበው 900ው ከሂሳብህ በወጣበት ሳምንት የሚቆረጡት ሌሎች ነገሮች ናቸው። የመኪናህ ክፍያ ከዚያ ሂሳብ በአውቶፔይ የሚሄድ ከሆነ ገንዘብ አጥቶ ይመለሳል፣ መኪናውን ያበደረህ ባንክ ደግሞ ስለ ስርቆቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ዛሬ ደውልለት፣ ምን እንደደረሰብህ ንገረውና የክፍያውን ቀን በሳምንት ወይም በሁለት እንዲገፋልህ ጠይቅ። የፈቀደልህንም በኢሜይል እንዲልክልህ አድርግ።